የቢሮ ረዳት ልሁን ካላችሁ የት ትጀምሩ? ወረዳ፣ ፋብሪካ፣ ባንክ ወይስ ኮምፒውተር ቤት (ሰሜን ሸዋ ላላችሁ)

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ጥያቄ ይበዛል፣ "ቢሮ ስራ እንዴት ነው የሚገባው?" የሚል። አይገርምም። 2015 ላይ ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ነው፣ 2016 ላይ 5.4፣ 2017 ላይ ደሞ 8.4 በመቶ። የቀረው ልጅ ሁሉ የሆነ ቦታ መግባት አለበት፣ ሁሉም ነጋዴ አይሆንም፣ ሁሉም አረብ ሀገር አይሄድም፣ እና ብዙ ቤተሰብ "ንጹህ ስራ ነው፣ ወንበር ላይ ነው" ብሎ ልጁን ወደ ቢሮ ረዳትነት ይገፋል። ችግሩ ከዛ በኋላ ነው። ወረዳ ይሻላል የሚል አጎት አለ፣ ፋብሪካ ደሞዝ አለው የሚል ጓደኛ አለ፣ ባንክ ግቢ የምትል አክስት አለች፣ ሁሉም የሚያወራው ያየውን አንዱን ብቻ ነው።

እኔ እዚ የትኛው መስሪያ ቤት ጥሩ ነው አልልም፣ የአንዱ ወረዳ ኃላፊ ሲቀየር ቢሮው ሁሉ ይቀየራል። በምን እንደምትመዝኑ ላስቀምጥና እያንዳንዱን በዛ እናየዋለን።

መጀመሪያ ግን ስራው ራሱ። ማስታወቂያ ላይ ኦፊስ አሲስታንት፣ የቢሮ ረዳት፣ ሴክሬታሪ፣ አድሚን አሲስታንት እየተባለ ይወጣል፣ ውስጡ ሲገባ ግን አንዱ ጋ ደብዳቤ መጻፍና ፋይል መያዝ ነው፣ ሌላው ጋ ሻይ ማፍላትና ከባንክ ባንክ መላላክ ነው፣ ሌላው ጋ ሁለቱም ነው። ሻይ ማፍላት ነውር የለውም፣ ግን ሁለት አመት ሻይ ብቻ ያፈላ ሰው የስራ ልምድ ወረቀቱ ላይ "የቢሮ ረዳት" ቢባልም ቀጣዩ ፈተና ላይ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ይታወቅበታል። ስለዚ ርዕሱን ትታችሁ የስራ ዝርዝሩን ጠይቁ። ዝርዝር የለንም ካሉ ያው እሱም መልስ ነው።

በምን ትመዝኑታላችሁ

አንደኛ መግቢያው። የሚጠየቀው ወረቀት፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና ወረቀት) ያስፈልጋል ወይ፣ ተያዥ ይጠየቃል ወይ፣ ፈተናው የጽሁፍ ነው የተግባር ነው።

ሁለተኛ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው ብር። ማስታወቂያ ላይ ያለው ቁጥር ያልተቆረጠው ነው። ምሳሌ ልስራላችሁ፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግስት ሰራተኛ ዝቅተኛው መነሻ ደሞዝ 6,000 ብር ነው። በአዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለውም፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ይቆረጥበታል ማለትም 300 ብር፣ ከ4,000 እስከ 7,000 ያለው ደሞ 20 በመቶ፣ የኛ ሰው እዛ ውስጥ ያለው 2,000 ስለሆነ 400 ብር። ግብሩ ድምር 700። ጡረታ 7 በመቶ ከሙሉው ደሞዝ ነው የሚቆረጠው፣ 420 ብር። ቀሪ 4,880። ከዛ ላይ ለዚ ለዛ ተብሎ የሚቆረጥ መዋጮ ካለ አንሱበት። ከዛ የቤት ኪራይ። ደብረ ብርሃን ላይ ኪራይ ፋብሪካው ከበዛ ወዲህ የድሮው አይደለም፣ ብርዱን የሚከላከል ቤት ስትፈልጉ ደሞ ሌላ ነው። ስለዚ ከቤተሰብ ጋር የሚኖር ሰውና ከመሀል ሜዳ ወይ ከአለም ከተማ መጥቶ የሚከራይ ሰው አንድ አይነት ደሞዝ ቢያገኙም አንድ አይነት ስራ አልያዙም።

ሶስተኛ፣ ለኔ ዋናው ይሄ ነው፣ ወረቀቱ በእጃችሁ ያልፋል ወይ? ደብዳቤ ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ፋይል መክፈት፣ ኤክሴል ላይ ዝርዝር መስራት፣ ግዥ መጠየቅ። እነዚህን የሚያሰራችሁ ቦታ ደሞዙ ትንሽ ዝቅ ቢልም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት አመታት ይሻላል እላለሁ፣ ከዛ በኋላ የምትደራደሩት በዛ ስለሆነ።

አራተኛ ዋስትና። ቋሚ ነው ኮንትራት፣ ጡረታ ይከፈላል አይከፈልም፣ የቀጠራችሁ ድርጅቱ ራሱ ነው ወይስ በመሀል ያለ ኤጀንሲ።

አምስተኛ ሰአትና አካባቢ። እዚ ስራ ላይ አብዛኛው ሴት ነው፣ ሳይወራ የሚታለፍ ነገር አለ፣ ማታ ቆይታችሁ ጨርሱ የሚል አለቃ፣ የራሱን የግል ጉዳይ የሚልክ አለቃ፣ ስልክ ሌሊት የሚደውል አለቃ። ከመግባታችሁ በፊት እዛ የሰራችን ልጅ ፈልጋችሁ ለብቻዋ ጠይቁ። ማን ከፊታችሁ ነበረች፣ ለምን ለቀቀች? ቀጣሪው የማይነግራችሁን እሷ ትነግራችኋለች።

ወረዳ፣ ዞን፣ ከተማ አስተዳደር

በሰሜን ሸዋ የቢሮ ስራ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይሄን ነው። የትም ወረዳ ብትሄዱ ግብርና አለ፣ ትምህርት አለ፣ ጤና አለ፣ ገቢዎች አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ለየቢሮው ጸሐፊና መዝገብ ቤት አለው። ሸዋ ሮቢትም ሞላሌም አረርቲም እነዋሪም ያው ነው። ይሄ ማለት አገራችሁን ሳትለቁ፣ ኪራይ ሳትከፍሉ መስራት ይቻላል ማለት ነው፣ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው።

መግቢያው ጠበቅ ይላል። አብዛኛው ጊዜ የቴክኒክና ሙያ ደረጃና የሲኦሲ ወረቀት ይጠየቃል፣ ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ወይ በኩር ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ምዝገባው ጥቂት የስራ ቀን ብቻ ስለሆነ ያልተከታተለ ሰው ያመልጠዋል። ኦርጅናሉንና ኮፒውን ይዞ በአካል መሄድም ይጠበቃል። ቅጥር ደሞ በጀት ሲፈቀድ ነው፣ አንዳንዴ መደቡ ክፍት ሆኖ እያያችሁት ወራት ያልፋል። ሰው አለኝ የሚል ወሬ ይበዛል፣ ለሰው ብር አትስጡ፣ ይሄን ብቻ እላለሁ።

ስራው ምን ያስተምራል? የመንግስት ቢሮ ወረቀት የሚበዛበት ቦታ ነው፣ ለጀማሪ ደሞ ወረቀት መብዛቱ ጥሩ ነው። ደብዳቤ ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይመዘገባል፣ ኃላፊው ይመራዋል፣ ወደ ባለሙያው ይሄዳል፣ መልሱ ተጽፎ ቁጥርና ቀን ይገባበታል፣ ይፈረማል፣ ማህተም ይመታል፣ ግልባጩ ለማን ለማን እንደሚሄድ ይጻፋል፣ ቀሪው ፋይል ውስጥ ይገባል። ይሄን ሰንሰለት አንዴ የያዘ ሰው ሌላ የትም ቢሮ ቢገባ አይጠፋበትም። ንብረት ክፍል ጋ ስትላኩ ሞዴል 19 ገቢ፣ ሞዴል 20 መጠየቂያ፣ ሞዴል 22 ወጪ መሆኑን ትለምዳላችሁ። ሰኔ ሲደርስ ደሞ ታያላችሁ፣ በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሙሉ አመት ያንቀላፋው ቢሮ በአንድ ወር ይነቃል፣ ግዥ፣ ሪፖርት፣ አበል ማወራረድ፣ ያኔ ጸሐፊ ጋ ያልመጣ ሰው የለም። ሰኔን አልፋችሁ ሐምሌ ከገባችሁ ስራውን ችላችኋል።

ድክመቱ፣ ኤክሴል ብዙ አትነኩም፣ እንግሊዝኛም አትጽፉም። አንዳንዱ ቢሮ ኮምፒውተሩ ራሱ ያረጀ ነው፣ ቶነር ሲያልቅ የሚገዛው መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ መብራት ሲጠፋ ባለጉዳይ "ነገ ተመለስ" ይባላል፣ የሚባለው ደሞ በናንተ አፍ ነው። ከቀበሌ አራት ሰአት በእግሩ መጥቶ ኃላፊው ስብሰባ ነው የተባለ ገበሬ ቁጣውን የሚያወጣው በሩ ላይ ያለችው ልጅ ላይ ነው። ይሄን የማይችል ሰው ወረዳ አይግባ። ዋስትናው ግን ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ቋሚ ከሆናችሁ በቀላሉ የሚያነሳችሁ የለም፣ ማታና ቅዳሜ ትምህርት ተምሮ ዲግሪ ይዞ መደብ ለመወዳደርም ሰአቱ ይመቻል።

ፋብሪካና የግል ድርጅት

ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ አዲስ ነገር አይደለም፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ አለ፣ አሁን ደሞ ቢራው፣ ውሃው፣ መስታወቱ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ወደ ምንጃርም አረርቲ አለ። እያንዳንዱ ከማሽኑ ጎን ቢሮ አለው፣ ሰው ሀብት፣ ግዥ፣ ሽያጭ፣ ስቶር። ማስታወቂያቸው ቴሌግራም ላይ ነው፣ አንዳንዱ በር ላይ ወረቀት ለጥፎ ይጨርሳል።

መግቢያው ከወረዳ የላላ ነው፣ ስራውን ከቻላችሁ ደረጃ ሶስት ነሽ አራት ነሽ ብዙም አይልም፣ ግን ፈተናው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ኤክሴል ከፍተው "ይሄን ደምሪ፣ ይሄን በስም ደርድሪ" ይሏችኋል። እንግሊዝኛ ኢሜይል መጻፍም ሊጠየቅ ይችላል። የውጭ ዜጋ ማናጀር ካለ ደሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፣ ሰአትና ቀን መቀየር። እሱ ነገ 8 ሰአት ስብሰባ ሲል ጠዋት 2 ሰአት ማለቱ ነው፣ ሹፌሩ ግን ከሰአት 8 ሰአት ብሎ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። እሱ ጁላይ 8 ሲል ሐምሌ 1 ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን መኪናው በሰአቱ ካልቆመ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ፣ ስለዚ ሁለቱንም ጎን ለጎን መጻፍ ልመዱ።

እዚ ቤት የምትማሩት ነገር ገበያ ላይ ዋጋ አለው። አቴንዳንስ፣ ኦቨርታይም ማስላት፣ ፔይሮል (የደሞዝ መክፈያ ዝርዝር) ማገዝ፣ ፒቲ ካሽ (ለትንንሽ ወጪ የሚያዝ ብር) መያዝ፣ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) መሰብሰብ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀም ካለ ጎኑ ቁጭ ብሎ ማየት። ሁለት አመት እንዲ የሰራች ልጅ ረዳት ሆና አትቀርም፣ ወይ ሰው ሀብት ወይ ግዥ ክፍል ትገባለች።

ደሞዝ ላይ አንድ ነገር እወቁ፣ የግል ድርጅት ዝቅተኛ ይሄን መክፈል አለበት የሚል ህግ ሀገራችን ላይ የለም። ስለዚ አንዱ ከመንግስት በላይ ይከፍላል፣ ሌላው በጣም ዝቅ ይላል፣ ሰርቪስና ምሳ ጨምሮ ደሞ ሂሳቡ ይገለበጣል። ዳገት ላይ ላለ ፋብሪካ ሰርቪስ ከሌለ በየቀኑ ባጃጅ ስንት እንደሚወስድባችሁ ደምሩ፣ ጠዋት በዛ ውርጭ በእግር ደሞ ሌላ ጉድ ነው።

ህጉ የሰጣችሁን እወቁት፣ አሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011። ሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፣ መደበኛ ሰአት በቀን 8 በሳምንት 48 ነው፣ የመጀመሪያ አመት ፈቃድ 16 የስራ ቀን ነው፣ ወሊድ 120 ቀን ከነደሞዙ። ኦቨርታይም በቀን ሰአት 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 12 ሰአት 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በበአል 2.5 እጥፍ ነው። ቀጣሪው ለጡረታ 11 በመቶ ከራሱ ይጨምራል፣ የናንተን 7 ቆርጦ ሁለቱንም ማስገባት አለበት። ቆርጦ የማያስገባ ስላለ የጡረታ ቁጥራችሁን ጠይቃችሁ ያዙ፣ ዝም ብላችሁ ፔይሮል ላይ አትፈርሙ።

ድክመቱ የታወቀ ነው። ጥሬ እቃ ሲጠፋ፣ ዶላር ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ ፋብሪካ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚነካው ማሽን ላይ ያለው ነው፣ ቀጥሎ ግን ቢሮ ረዳት ነው። ቅዳሜም ይሰራል፣ ስለዚ ለትምህርት አይመችም።

ባንክና ማይክሮፋይናንስ

አጭር ላርገው፣ ምክንያቱም ብዙ የሚወራ ነገር የለውም። ቅርንጫፍ ውስጥ ጸሐፊ የሚባል መደብ ብዙ የለም፣ ያለው ካሸርና ኦፊሰር ነው፣ እሱ ደሞ ዲግሪ ይፈልጋል። ያለ ዲግሪ የምታገኙት መላላክ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ ነው፣ ይሄም ብዙ ጊዜ በኤጀንሲ ነው። በኤጀንሲ ከገባችሁ ቀጣሪያችሁ ኤጀንሲው ነው፣ ዩኒፎርሙ የባንኩ ቢሆንም ደሞዙም ፈቃዱም ጡረታውም የሚጠየቀው እሱ ነው። በዚ በኩል ገብቼ ካሸር እሆናለሁ የሚል ሰው ዲግሪውን በማታ እየተማረ ካልሆነ አይሞክረው። ዲስትሪክት ቢሮ ላይ ጸሐፊ ከወጣ ግን አትለፉት፣ ደህና ነው። ፀደይ ባንክ፣ ያው በፊት አብቁተ የምንለው፣ ገጠር ድረስ ስለሚወርድ ከከተማ ለራቃችሁ የሱን ማስታወቂያም መከታተል ነው። ተያዥ ስለሚጠየቅ ደሞዝተኛ ዘመድ ካላችሁ አስቀድማችሁ አናግሩት፣ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ተያዥ ፍለጋ መሯሯጥ ያስቀራል።

ኮምፒውተር ቤት

ሰው የሚንቀው እሱን ነው፣ እኔ ግን ብር ለሌለው ጀማሪ ከሁሉም በፊት የማስቀምጠው እሱን ነው።

ዩኒቨርሲቲው ሰፈር፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ መናኸሪያው አካባቢ፣ ዞኑ ፊት ለፊት፣ ጽህፈትና ኮፒ የሌለበት ቦታ የለም። መግቢያ ወረቀት አይጠይቅም፣ ቶሎ ትጽፊያለሽ ወይ ነው። ክፍያው ወይ ትንሽ የወር ደሞዝ ነው ወይ በገጽ ነው፣ ጡረታ የለም፣ ኮንትራት የለም፣ ባለቤቱ ቢቆጣ ነገ አትምጪ ሊል ይችላል። ይሄን አልሸፋፍነውም።

ግን የሚገባውን ስራ እዩት። ጠዋት የክስ ማመልከቻ፣ ቀጥሎ የኪራይ ውል፣ ከዛ የተማሪ ሪሰርች ከነቴብሉ ከነማውጫው፣ ከዛ የማህበር ቃለ ጉባኤ፣ ከዛ ፓስፖርት ኦንላይን የሚሞላ፣ ፋይዳ የሚያሳትም፣ የንግድ ፈቃድ ኦንላይን የሚያድስ። ወረዳ ጸሐፊ በወር የማታየውን አይነት ሰነድ እዚ በሳምንት ይታያል። ጣት ይፈታል፣ ፎርማት ይለመዳል። የፎንት ጣጣም እዚ ነው የሚገባችሁ፣ በድሮ ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል፣ በዩኒኮድ የተጻፈው ግን ስልክም ላይ ይነበባል። ይሄን የሚያውቅ ጸሐፊ ቢሮ ሲገባ አንደኛ ቀን ላይ ነው የሚወደደው፣ ምክንያቱም የእያንዳንዱ ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ የማይከፈት የድሮ ፋይል አለ።

እና አንድ ነገር፣ የሰው ሚስጥር ነው የምትጽፉት። የፍቺ ማመልከቻ፣ የውርስ ክርክር። ደብረ ብርሃን ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬ ያወጣች ልጅ ተብላ አንዴ ከተነገረባት ማንም ቢሮ አያስገባትም።

እዚ አንድ አመት አካባቢ በቂ ነው። ከዛ በላይ ከቆያችሁ ወይ የራሳችሁን ክፈቱ ወይ ውጡ፣ የስራ ልምድ ስትጠየቁ ንግድ ፈቃድ ያለው ቤት ካልሆነ ወረቀቱ ተቀባይነት ስለማያገኝ ስትገቡም እሱን አጣሩ።

ሌሎቹ

ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታልና ኮሌጅ መግቢያቸው እንደ ወረዳ ነው፣ ግን ኢንተርኔትና እቃው የተሻለ ነው፣ ከተገኘ ጥሩ። ኤንጂኦ ከተፈናቃዮቹ ጋር በተያያዘ ደብረ ብርሃን ላይ ይሰራል፣ ክፍያው ደህና ነው፣ ግን ፕሮጀክት ነው፣ ፈንዱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፣ እንግሊዝኛና ልምድም ይፈልጋል፣ ስለዚ ለሁለተኛ ስራ እንጂ ለመጀመሪያ አይሆንም። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማስታወቂያው ይበዛል፣ ማረፊያ ዘመድ ካለ ሂዱ፣ ከሌለ ግን በጀማሪ የቢሮ ረዳት ደሞዝ አዲስ አበባ ተከራይቶ መኖር እኔ ሂሳቡ አይገጥምልኝም።

ጠቅለል ሲል

| አማራጭ | መግቢያ | ገንዘብ | የምትማሩት | ዋስትና | ሰአት |
|---|---|---|---|---|---|
| ወረዳ/ዞን | ደረጃና ሲኦሲ፣ ውድድር | የታወቀ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ | ደብዳቤ፣ መዝገብ፣ ፋይል፣ ንብረት | ጠንካራ | ለማታ ትምህርት ይመቻል |
| ፋብሪካ/የግል | የተግባር ፈተና፣ ኤክሴል | ይለያያል፣ ሰርቪስና ምሳ ይታሰብ | ፔይሮል፣ ግዥ፣ ኢሜይል | መካከለኛ | ቅዳሜም አለ |
| ባንክ (ያለ ዲግሪ) | ተያዥ፣ ብዙ ጊዜ ኤጀንሲ | ዝቅ ያለ | ትንሽ | እንደ ኤጀንሲው | ቅዳሜም አለ |
| ኮምፒውተር ቤት | ፍጥነት ብቻ | ዝቅተኛ ወይ በገጽ | ጽህፈት፣ ፎርማት፣ ኦንላይን አገልግሎት | የለም | እስከ ማታ |
| ኤንጂኦ | ልምድ፣ እንግሊዝኛ | የተሻለ | ሪፖርት፣ ሎጂስቲክስ | እስከ ፕሮጀክቱ | ፊልድ ሊኖር ይችላል |

ስልጠናውስ?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ በደረጃ መማርና ሲኦሲ መፈተን ነው፣ ጊዜ ይወስዳል ግን የመንግስት በር የሚከፍተው እሱ ነው። ሌላው ጥቂት ወር የሚፈጀው የግል ኮምፒውተር ኮርስ ነው። የኮርሱ ሰርተፊኬት ብቻውን ወረዳ ላይ ብዙ አይሰራም፣ ግን ለፋብሪካና ለኮምፒውተር ቤት የሚያስፈልገውን እጅ ይሰጣል። ኮርስ ቤት ስትመርጡ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አትዩ፣ ኮምፒውተሩ ለስንት ሰው እንደሚደርስ ቁጠሩ። ሶስት ልጅ አንድ ኪቦርድ ላይ ከተቀመጠ ሁለቱ ተመልካች ናቸው። መብራት የጠፋበት ሰአት ይካካሳል ወይ ብላችሁም ጠይቁ፣ ካልተካካሰ ከፍላችሁ ግማሹን ነው የምትማሩት።

አማርኛ ጽህፈት ላይ ፓወር ግዕዝ የሚባለው መጻፊያ ፕሮግራም በየቢሮው ስላለ እሱን ልመዱ፣ ኪቦርድ ሳታዩ እስክትጽፉ ድረስ። የደብዳቤ ቅርጽ በቃል ይታወቅ፣ ቁጥርና ቀን በቀኝ፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ከዛ ፍሬ ነገሩ፣ ከሰላምታ ጋር፣ ግልባጭ። የተግባር ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚወድቀው ፍጥነት ላይ መስሎን ነው እንጂ ይሄ ቅርጽ ላይ ነው።

ማን የት ይግባ

ከቤተሰብ ጋር የምትኖሩ፣ ለኮሌጅ የሚሆን ብር ወይ ጊዜ ያላችሁ፦ ቴክኒክና ሙያ፣ ሲኦሲ፣ ከዛ የራሳችሁ ወረዳ። ኪራይ የለም፣ ዲግሪውን በማታ ትጨርሳላችሁ። እየተማራችሁ እያለ ክረምቱን ኮምፒውተር ቤት ስሩ፣ ለብሩ አይደለም ለጣታችሁ።

ብር የሌላችሁ፣ ነገ መስራት ያለባችሁ፦ ኮምፒውተር ቤት አሁኑኑ። ከምታገኙት ብር ሌላ ኤክሴል የምትለማመዱበትን ሰአት ከባለቤቱ ተደራደሩ፣ ስራ በሌለበት ሰአት ማሽኑ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው፣ ብዙው ባለቤት እምቢ አይልም። ከዛ ፋብሪካ።

ዲግሪ ይዛችሁ ስራ ያጣችሁ፦ እናንተ ብዙ ናችሁ፣ አውቃለሁ። ቢሮ ረዳት መሆን ውርደት አይደለም ግን ቦታ ምረጡ፣ ፋብሪካ ሰው ሀብት ወይ ግዥ ክፍል ያለበትን፣ ከሁለት አመት በኋላ ዲግሪያችሁ እዛው ውስጥ ሊያሳድጋችሁ ይችላል። ወረዳ ላይ በጸሐፊነት ከገባችሁ ግን ወደ ባለሙያ መደብ ለመዞር እንደገና መወዳደር አለባችሁ።

ልጅ ያላት እናት ከሆንሽ፦ ሰአቱ ይወስናል። ወረዳ ካልተገኘ ትምህርት ቤት ሞክሪ፣ ልጆቹ ሲወጡ አንቺም ትወጫለሽ። ፋብሪካ ከሆነ ሰርቪሱ ስንት ሰአት እንደሚመልስሽ ሳትጠይቂ እሺ አትበይ።

ወንዶች ደሞ፣ ይሄ የሴት ስራ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ መዝገብ ቤትና ስቶር ላይ ወንድ ይበዛል፣ ሞተር መንዳት የምትችሉ ከሆነ ደሞ ፊልድ ያለበት ድርጅት ይፈልጋችኋል።

ኢንተርቪው ስትሄዱ አምስት ነገር ሳትጠይቁ እንዳትወጡ፦ የስራ ዝርዝሩ በወረቀት አለ ወይ፣ ኮንትራቱ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ወይስ በጊዜ የታጠረ፣ ጡረታው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚገባው፣ ቅርብ አለቃዬ ማን ነው፣ ቁልፍና ማህተም እኔ ጋ ይሆናል ወይ። የመጨረሻው ላይ ጠንቀቅ በሉ። ማህተም ያዢ ከተባላችሁ በጽሁፍ አስረክቡኝ በሉ፣ መቼ ምን ላይ እንደመታችሁ የምትመዘግቡበት ደብተር ክፈቱ፣ ኃላፊው ያልፈረመበት ወረቀት ላይ አትምቱ፣ "ቆይ በኋላ ይፈርማል፣ አሁን ሰውዬው ቸኩሏል" ቢሏችሁም። እምቢ ስትሉ የሚቆጣው ሰው በማግስቱ ይረሳዋል፣ የተመታው ማህተም ግን ኦዲት እስኪመጣ ፋይሉ ውስጥ ይቆያል።